የፀሐይ ብርሃን ስንት ይደርሰናል? ከፀሐይ እስከ መካነ ሰላም ጣሪያ ያለው ስሌት

መካነ ሰላም፦ በታኅሣሥ ወር በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋዎች ንጋት ላይ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። አርሶ አደሩ ጋቢውን ደርቦ ፀሐይ እስክትወጣ ይጠብቃል። ነገር ግን ምድር በዓመት ውስጥ ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በዚሁ ወር ነው። ታኅሣሥ 25 ገደማ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 147.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ሰኔ 27 ገደማ ግን 152.1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ፀሐይ በቀረበችን ጊዜ እንበርዳለን፤ ከእርሷ 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በራቅን ጊዜ ግን ያ ውርጭ የለም።

ሌላም ጥያቄ አለ። ደጋው ከዓባይ በረሃ ይልቅ ለፀሐይ ቅርብ ነው። ታዲያ ስለ ምን በረሃው ይሞቃል፣ ደጋው ይቀዘቅዛል? በጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳ፣ በተለምዶ ሶላር የሚባለውን የሚሰቅል ነዋሪም የራሱ ጥያቄ አለው። ሰሌዳው ላይ 100 ዋት ተብሎ የተጻፈው በርግጥ ስንት ይሰጣል? ወደ የትስ አቅጣጫ ይዙር?

እነዚህ ጥያቄዎች የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው ከአንድ ስሌት ይወጣል። እርሱም የፀሐይ ብርሃን ከምንጩ ተነሥቶ በስንት ካሬ ሜትር ላይ እንደሚዘረጋ የሚያሳየው ስሌት ነው። መደመር፣ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሰው ሁሉ ሊከተለው ይችላል።

ብርሃኑ አያልቅም፤ ይሳሳል

ብዙ ሰው ብርሃን በሄደ ቁጥር የሚደክም ይመስለዋል። በፀሐይና በምድር መካከል ያለው ጠፈር ግን ባዶ ስለሆነ ብርሃኑን የሚያስቀር ነገር የለበትም። የሚሆነው ነገር እንጀራ ጋጋሪ ሁሉ የምታውቀው ነው። አንድ ጣሳ ሊጥ በአንድ ምጣድ ላይ ቢፈስስ እንጀራው የተወሰነ ውፍረት ይኖረዋል። ያው አንድ ጣሳ ሊጥ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርዝመት እጥፍ በሆነ ምጣድ ላይ ቢዘረጋ፣ የምጣዱ ስፋት አራት እጥፍ ስለሚሆን የእንጀራው ውፍረት ሩብ ይሆናል። ሊጡ አልጎደለም፤ ሳሳ እንጂ።

ፀሐይም ብርሃኗን ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ታፈስሳለች። ስለዚህ ብርሃኑ የሚዘረጋበት ምጣድ ጠፍጣፋ ሳይሆን ፀሐይን መሀል ላይ አድርጎ የሚከብባት ድቡልቡል ሉል ነው። ከፀሐይ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የሉሉ ስፋት አራት እጥፍ፣ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ስፋቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። በዚያው ልክ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን አንድ አራተኛ፣ ከዚያም አንድ ዘጠነኛ ይሆናል። ይህን ሕግ ጀርመናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1604 ባሳተመው የብርሃን ጥናት መጽሐፉ ገልጾታል።

ምድር ባለችበት ርቀት የሚገኘው መጠን

ለስሌቱ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው ፀሐይ በየሰከንዱ የምታመነጨው ጠቅላላ ኃይል ነው፤ በዋት ሲለካ 3828 ተጽፎ 23 ዜሮዎች ይከተሉታል። ሁለተኛው በፀሐይና በምድር መካከል ያለው አማካይ ርቀት ሲሆን፣ 149.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወይም 149.6 ቢሊዮን ሜትር ነው።

የሉል የገጽ ስፋት የሚገኘው ከመሀሉ እስከ ጠርዙ ያለውን ርቀት በራሱ አባዝቶ፣ ውጤቱን በ3.1416፣ ቀጥሎም በ4 በማባዛት ነው። በምድር ርቀት ላይ የሚገኘው ሉል በዚህ መንገድ ሲሰላ ስፋቱ በካሬ ሜትር 2812 ተጽፎ 20 ዜሮዎች የሚከተሉት ቁጥር ይሆናል። የፀሐይ ኃይል ለዚህ ስፋት ይካፈላል። 3828 ለ2812 ሲካፈል 1.361 ይሆናል፤ በዜሮዎቹ መካከል ያለው የ3 ዜሮዎች ልዩነት ደግሞ ውጤቱን በ1,000 ያበዛዋል። መልሱ 1,361 ዋት በካሬ ሜትር ነው።

ይህ ማለት ከከባቢ አየር በላይ፣ ፊቱን በቀጥታ ወደ ፀሐይ ባዞረ አንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,361 ዋት ኃይል ያርፋል ማለት ነው። ሊቃውንቱ ይህን መጠን የፀሐይ ቋሚ ቁጥር ይሉታል።

ስሌቱን በሌላ መንገድ መፈተሽ ይቻላል። ከፀሐይ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የሚወጣው ኃይል 63 ሚሊዮን ዋት ያህል ነው። ምድር ከፀሐይ መሀል ያላት ርቀት ከፀሐይ መሀል እስከ ገጿ ካለው ርቀት 215 እጥፍ ይበልጣል። 215 በ215 ሲባዛ 46 ሺህ 225 ይሆናል። 63 ሚሊዮን ለዚህ ሲካፈል ውጤቱ እንደገና 1,360 አካባቢ ነው።

ቁጥሩ በወረቀት ብቻ የተገኘ አይደለም። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውድ ፑዬ እ.ኤ.አ. በ1838 ውኃ የያዘ ዕቃ በፀሐይ ፊት አስቀምጦ፣ ውኃው ምን ያህል እንደሞቀ በመለካት 1,230 ዋት ገደማ የሚሆን ውጤት አግኝቶ ነበር። ከዛሬው ቁጥር የሚለየው 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጠቀችው ሶርስ የተባለች የአሜሪካ ሳተላይት ከአየር በላይ ሆና ስትለካ 1,361 ገደማ መሆኑ ተረጋግጧል። ቋሚ ቢባልም ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ውስጥ ስትደምቅና ስትደበዝዝ ከሺህ አንድ እጅ ያህል ይዋዥቃል።

በሌሎቹ ፕላኔቶች ዘንድ

የምድር ርቀት እንደ አንድ ከተቆጠረ የሌሎቹ ስሌት ይቀልላል። የፕላኔቱን ርቀት በራሱ አባዝቶ 1,361ን ለዚያ ማካፈል ብቻ ይበቃል።

ቬነስ ከፀሐይ ያላት ርቀት የምድርን 0.72 እጅ ነው። በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር 2,600 ዋት ያህል ይደርሳታል።

ማርስ በ1.52 እጥፍ ይርቃል። 1.52 በራሱ ሲባዛ 2.31 ስለሚሆን የሚደርሰው 590 ዋት ገደማ ነው።

ጁፒተር በ5.2 እጥፍ ይርቃል። 5.2 በራሱ ሲባዛ 27 ይሆናል፤ የሚደርሰውም 50 ዋት ብቻ ነው።

ኔፕቱን በ30 እጥፍ ይርቃል። 30 በ30 ሲባዛ 900 ስለሚሆን ከ1,361 ዋት የሚቀረው 1.5 ዋት ነው።

ይኸው ሕግ በታኅሣሥና በሰኔ መካከል ላለው የምድር ርቀት ልዩነትም ይሠራል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ 1,408 ዋት ያህል፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ 1,317 ዋት ያህል ይደርሳል። ስለዚህ ከርቀት ብቻ ከተነሣን ታኅሣሥ ከሰኔ 7 በመቶ ያህል ብልጫ አለው። ውርጩ የመጣው ከርቀት አለመሆኑ በዚህ ይታወቃል።

ለምን ለአራት ይካፈላል?

1,361 ዋት የሚያርፈው ፊቱን ወደ ፀሐይ ባቀና አንድ ካሬ ሜትር ላይ ነው። ምድር ግን ድቡልቡል ናት። ግማሿ ሌሊት ነው፤ ቀን በሆነው ግማሽ ላይም ብርሃኑ በብዙው ስፍራ አግድም ያርፋል። ታዲያ በመላው ምድር፣ ቀንና ሌሊት ተደምሮ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር በአማካይ ስንት ይደርሳል?

አንድ ብርቱካን ፀሐይ ላይ ቢያዝና ከኋላው ወረቀት ቢደረግ በወረቀቱ ላይ ክብ ጥላ ይታያል። ብርቱካኑ ከፀሐይ የያዘው ብርሃን ያንኑ ክብ ጥላ ያህል ነው። ብርቱካኑ ተልጦ ልጣጩ በወረቀቱ ላይ ቢነጠፍ ግን እንደዚያ ጥላ ያሉ አራት ክቦችን ይሸፍናል። የሉል ገጽ የክብ ጥላው አራት እጥፍ መሆኑን ግሪካዊው አርኪሜደስ ከ2,200 ዓመታት በፊት አረጋግጦታል።

ምድርም የምትይዘው ብርሃን የጥላዋን ያህል ሆኖ፣ የምታካፍለው ግን በአራት እጥፍ ገጽ ላይ ነው። 1,361 ለ4 ሲካፈል 340 ዋት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ 30 በመቶ ያህሉን ደመና፣ በረዶ፣ አሸዋና አየር ወደ ጠፈር መልሰው ያንጸባርቁታል። በአየርና በምድር ውስጥ ገብቶ የሚያሞቀን 240 ዋት ገደማ ነው። ምድር ከባቢ አየሯ ሙቀት የሚይዝ ባይሆን ኖሮ ይህ መጠን የሚያኖራት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ነበር። አማካይ ሙቀቷ 15 ዲግሪ ገደማ የሆነው አየሩ እንደ ጋቢ ስለሸፈናት ነው።

የምድር ጥላ ትንሽ ቢመስልም የሚይዘው ኃይል ብዙ ነው። የምድር ክብ ጥላ ስፋት በ1,361 ዋት ሲባዛ 173 ሚሊዮን ጊጋ ዋት ያህል ይሆናል። ከቦረና ወረዳ ግርጌ በሚያልፈው በዓባይ ላይ ተገንብቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ምድር በየቅጽበቱ ከፀሐይ የምትቀበለው ከ33 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያሉ ግድቦች በሙሉ አቅማቸው የሚያመነጩትን ያህል ነው። ይህም ሆኖ ፀሐይ ከምታመነጨው ኃይል ወደ ምድር የሚመጣው ከ2.2 ቢሊዮን አንድ እጅ ብቻ ነው።

ብርሃኑ የሚለካው ፊት ለፊት በሚታየው ስፋት መሆኑን ኢትዮጵያውያን በዓይናቸው ያዩበት ጊዜ አለ። እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ጨረቃ በፀሐይ ፊት ስታልፍ፣ ላሊበላን ጨምሮ በአንድ ጠባብ መስመር ላይ ያሉ ስፍራዎች የፀሐይን ጠርዝ እንደ ቀለበት ብቻ አዩ። ከመስመሩ በስተደቡብ ባለው በመካነ ሰላም አካባቢ ግርዶሹ ከፊል ነበር። በየስፍራው የቀረው ብርሃን ከፀሐይ ክብ ፊት ሳይሸፈን የቀረውን ያህል ነበር።

ደጋው ለፀሐይ ቢቀርብም

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ይህ ከፍታ ለፀሐይ ካለን ርቀት ላይ የሚቀንሰው ከ57 ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ነው። በብርሃኑ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ የትኛውም መሣሪያ አይለየውም። ዓባይ በረሃ የሚሞቀውና ደጋው የሚቀዘቅዘው በአየሩ ምክንያት ነው። አየር በአብዛኛው የሚሞቀው በቀጥታ ከፀሐይ ሳይሆን ፀሐይ ካሞቀችው መሬት ነው። ወደ ላይ በወጣ ቁጥርም የሚጫነው አየር እያነሰ ስለሚሄድ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ያህል ነው።

ሆኖም የደጋው ቀጭን አየር ሌላ ውጤት አለው። በ2,600 ሜትር ላይ ከበላያችን የሚቀረው አየር ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ በጠራ ቀን በቀጥታ የሚመጣው ብርሃን በደጋው ይበረታል። ቆዳን የሚያቃጥለው የማይታይ ጨረርም በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ የደጋ ፀሐይ ፊትን የምታጠቁረው ለዚህ ነው።

ሙሉው 1,361 ዋት የሚገኘው ከአየር ውጪ ነው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ኃይሏን እንድታገኝ የተደረገው እዚያው ከአየር በላይ በዘረጋቻቸው ሰሌዳዎች ነው። ወደ እኛ ሲወርድ ግን አየር፣ ተንና አቧራ የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። በጠራ ቀን በቀትር ምድር ላይ የሚደርሰው 1,000 ዋት ገደማ ነው። አንድ ጥማድ መሬት ሩብ ሄክታር ወይም 2,500 ካሬ ሜትር ነው ብንል፣ በዚያች ሰዓት በጥማዱ ላይ የሚያርፈው ኃይል 2.5 ሜጋ ዋት ይሆናል።

የመካነ ሰላም ቀትር

አሁን የሚቀረው ብርሃኑ የሚያርፍበት አንግል ነው። በእጅ ባትሪ ግድግዳ ላይ ቀጥ አድርገው ቢያበሩ ትንሽና ደማቅ ክብ ይታያል። ባትሪውን አግድም ቢያዘነብሉት ክቡ ይረዝማል፤ ብርሃኑም ይደበዝዛል። ሊጡ እዚህም ያው ነው፤ ምጣዱ ሰፋ እንጂ።

መካነ ሰላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10.75 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል በራሳችን አናት ላይ ታልፋለች፤ ሚያዝያ 10 ገደማ ወደ ሰሜን ስትሄድ፣ ነሐሴ 19 ገደማ ደግሞ ወደ ደቡብ ስትመለስ። በእነዚህ ቀናት በቀትር ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ አይኖረውም። በሁለቱ ቀናት መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀሩት ወራት ጥላ ወደ ሰሜን ነው።

ጥላን በጫማ እየለኩ ሰዓት ማወቅ ለአገሩ ሰው እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን የጾም ቅዳሴ ሰዓት በዚሁ መንገድ ሲለይ ኖሯል፤ የየወሩ የጥላ ልክም በብራና መጻሕፍት ተመዝግቧል። የአንድ ሜትር እንጨት ተተክሎ ቢለካ በመካነ ሰላም የቀትር ጥላው ታኅሣሥ 12 ገደማ 68 ሳንቲ ሜትር ወደ ሰሜን፣ ሰኔ 14 ገደማ ደግሞ 22 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይሆናል። የፀሐይ ቀትር የሚሆነው በሰዓታችን ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን በእነዚህ ቀናት 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ አካባቢ መሆኑን ግን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ከጥላው ወደ ብርሃኑ መሻገር ይቻላል። ታኅሣሥ 12 በቀትር አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው የብርሃን ነዶ በለጥ ያለ ሜዳ ላይ ሲያርፍ 1.21 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሰኔ 14 ግን የሚሸፍነው 1.02 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ላይ የታኅሣሥ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን የሰኔ ቀን 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል።

ርቀቱ፣ አንግሉና የቀኑ ርዝመት ተደምረው ሲሰሉ ከመካነ ሰላም ሰማይ በላይ፣ ደመናና አየር ሳይነካው፣ በአንድ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር የሚገኘው ኃይል በታኅሣሥ አጋማሽ 8.5 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ በሚያዝያ 10 ገደማ 10.5፣ በሰኔ አጋማሽ 10.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። በመቅረብ የተገኘው 7 በመቶ ብልጫ በማዘንበልና በቀን ማጠር ተበልቶ፣ ታኅሣሥ ከሰኔ 17 በመቶ ያህል ያንሳል። ውርጩን የሚያመጣው ደግሞ ሌሊቱ ነው። በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለና አየሩ ደረቅ ስለሆነ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ያለ ከልካይ ወደ ጠፈር ይለቅቃል። በክረምት ደመናው ሙቀቱን ይይዘዋል፤ ቀን ግን ያው ደመና የሚመጣውን ብርሃን ይከለክላል።

ተዳፋትና አቅጣጫ

በቦረና፣ በአማራ ሳይንት፣ በለጋምቦና በወግዲ ለጥ ያለ ሜዳ ብቻ የሚያርስ ጥቂት ነው። የተዳፋት መሬት የብርሃን ድርሻ እንደ ዞረበት አቅጣጫ ይለያያል። 20 ዲግሪ የሚያዘነብል ማሳ እንውሰድ። ታኅሣሥ 12 በቀትር የአንድ ካሬ ሜትር ነዶ ወደ ደቡብ በዞረ ተዳፋት ላይ 1.03 ካሬ ሜትር ብቻ ሲሸፍን፣ ወደ ሰሜን በዞረ ተዳፋት ላይ ግን 1.71 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። በዚያች ሰዓት የደቡቡ ፊት ከሰሜኑ ፊት አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ብርሃን ያገኛል። በሰኔ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን በቀትር ብልጫ የሚያገኘው የሰሜኑ ፊት ነው፤ ልዩነቱ ግን 18 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ስለዚህ በበጋ እህል፣ በርበሬ ወይም ሥጋ ለማድረቅ ወደ ደቡብ ዘንበል ያለ ስፍራ ይመረጣል። ወደ ሰሜን የዞረ ማሳ በታኅሣሥ እርጥበቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፤ የጠዋቱ ውርጭም በላዩ ላይ ቶሎ አይገፍም።

ጣሪያው ላይ ያለው ሰሌዳ

በሶላር ሰሌዳ ጀርባ የተጻፈው የዋት መጠን የሚለካው በተወሰነ ሁኔታ ነው፤ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን ሲያርፍበትና የሰሌዳው ሙቀት 25 ዲግሪ ሲሆን። ይህም በጠራ ቀን ፀሐይ ፊት ለፊት በምትመታበት ሰዓት የሚገኝ መጠን ነው። ስለዚህ 100 ዋት የሚለው ጽሑፍ የጣሪያ ልክ እንጂ የቀኑ ሁሉ ልክ አይደለም። ጠዋት ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍ ስትል በለጥ ያለ ስፍራ ላይ አንዱ ካሬ ሜትር ነዶ በሁለት ካሬ ሜትር ላይ ይዘረጋል፤ ድርሻው በግማሽ ይወርዳል።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው 100 ዋትን በ12 ሰዓት አባዝቶ በቀን 1,200 ዋት ሰዓት አገኛለሁ ብሎ ሲያስብ ነው። ትክክለኛው መንገድ የቀኑን ጠቅላላ ብርሃን መውሰድ ነው። በኢትዮጵያ የኃይል ሰነዶች በብዛት የሚጠቀሰው አገራዊ አማካይ በቀን በካሬ ሜትር 5.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በየካቲትና በመጋቢት ወደ 5.55 ከፍ ይላል፤ በሐምሌ ወደ 4.55 ዝቅ ይላል። የመካነ ሰላም ሰማይ እንደ ደመናው ከዚህ ሊበልጥም ሊያንስም ይችላል፤ ለመነሻ ግን ያገለግላል።

5.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ሙሉው የ1,000 ዋት ብርሃን ለ5.2 ሰዓታት ብቻ የሚያበራ ያህል ነው። የ100 ዋት ሰሌዳ እንግዲህ 520 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ከዚህ ላይ የሰሌዳው መሞቅ፣ አቧራ፣ ሽቦና ባትሪ ሩብ ያህሉን ቢወስዱ 390 ዋት ሰዓት ይቀራል። በሐምሌ ሲሰላ 340 ገደማ ነው። የቤቱን ፍላጎት ከዚህ ጋር ማስተያየት ይገባል። ባለ 5 ዋት አራት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 100 ዋት ሰዓት፣ ባለ 50 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ሲከፈት 200፣ ሦስት ስልኮች በ15 ዋት ሰዓት ሲሞሉ 45፣ በድምሩ 345 ዋት ሰዓት ይፈጃሉ። ይህ ቤት በየካቲት ይተርፈዋል፤ በሐምሌ ግን ለጥቂት ይጎድለዋል። ፍላጎቱን ከክረምቱ ቁጥር ጋር ያስተያየ ሰው በጨለማ አይቀመጥም፤ ገንዘቡንም ያለ ቦታው አያወጣም።

አቅጣጫውን በተመለከተ፣ በመካነ ሰላም ፀሐይ ከዓመቱ ስምንቱን ወራት ያህል በቀትር በደቡብ በኩል ስለምትውል ሰሌዳው ወደ ደቡብ ይዞራል። ዝንባሌው ከ11 እስከ 15 ዲግሪ ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናብም አቧራውን ያጥብለታል። በ15 ዲግሪ ወደ ደቡብ የተሰቀለ ሰሌዳ ታኅሣሥ 12 በቀትር ከነዶው 94 በመቶ ይይዛል። ለጥ ብሎ የተጋደመው 83 በመቶ ይይዛል። ጣሪያው ወደ ሰሜን ስለሚያዘነብል ብቻ በ15 ዲግሪ ወደ ሰሜን የተሰቀለው ግን 65 በመቶ ብቻ ይቀበላል። ሰሌዳው ያው፣ ዋጋው ያው ሆኖ ከብርሃኑ አንድ ሦስተኛ የሚጠጋው ያለ ጥቅም ያልፋል።

ሰሌዳ ከመሰቀሉ በፊት ጣሪያው ወዴት እንደሚያዘነብል ለማወቅ የአንድ ሜትር እንጨት በግቢ መትከል በቂ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባሉት ወራት በየትኛውም ቀን ከቀትር በፊትና በኋላ የእንጨቱን ጥላ ጫፍ በየጊዜው በጠጠር ምልክት ማድረግ፣ ከዚያም እጅግ አጭር የሆነውን ጥላ መለየት ነው። ያ አጭር ጥላ የሚያመለክተው ሰሜንን ነው፤ የሰሌዳው ፊት በተቃራኒው ይዞራል። በአካባቢው ዛፍ ወይም የጎረቤት ቤት ካለ ደግሞ ጥላው በታኅሣሥ የሚደርስበትን ርዝመት አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ በዚያ ወር አንድ ሜትር ቁመት ያለው ነገር ሁሉ በቀትር 68 ሳንቲ ሜትር ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላልና።